በባዶ ሆድ የተጀመረ የእግር ጉዞ

እቴነሽ ኮምቦልቻ ባለ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። ጠዋት ሰርቪስ ያደርሳታል፣ ማታ ሰርቪስ ይመልሳታል፤ ቤቷም ገብታ ያው መቀመጥ ነው። ስኳር እንዳለባት ካወቀች ስድስት ዓመቷ ነው። ኢንሱሊኗን ትወጋለች፤ የቀረውን ለጌታ ትታዋለች።

ታላቅ እህቷ የምስራች በዚሁ በሽታ ደሴ ላይ እግሯ ተቆርጦ በአራተኛ ወሯ ስትሞት ግን ነገር ሁሉ ጨለመባት። ከቀብር መልስ ስኳሯን ብትለካ ሦስት መቶ ሆነ። የእግሯ ጣቶች ከደነዘዙ ሰንብተዋል። "ተራው የኔ ነው" አለች በልቧ። ለልጇ ለአቢጌል እንኳ አልነገረቻትም።

በጤና ጣቢያው የክትትል ቀኗ ነርስ መዲና ካርዷን አገላብጣ አየችና፣ "እትዬ እቴነሽ፣ መድኃኒቱ ብቻውን አልቻለም። በቀን አሥር ደቂቃ በእግርዎ መሄድ ይጀምሩ፤ ቀስ እያሉ ይጨምራሉ" አለቻት። ውጭ ወረፋው ረጅም ነበር፤ ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም።

አሥር ደቂቃ ለእቴነሽ ትንሽ መሰላት። በማግስቱ ማለዳ ኢንሱሊኗን ተወጋች፤ ቁርሱን ስመለስ እበላለሁ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። "በደህና ነው? ወዴት ነው?" ሲሏት አንገቷን ደፍታ ፈጠነች። አርባ ደቂቃ ያህል እንደሄደች እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ላብ አጠመቃት። ሰው ልትጣራ ብትሞክር ምላሷ ተሳሰረ። የአንድ መጋዘን አጥር ተደግፋ መሬት ላይ ተንሸራተተች።

"በዚህ ጠዋት ጠጥታ?" አለ አንዱ። ሌላው ሳቀ። ጸሎት ቤት አብራት የምትጸልይ አንዲት ሴት አየቻትና ፊቷን አዙራ አለፈች።

የመጋዘኑ ጥበቃ፣ ሽማግሌው አብዱልወሀብ፣ ጠጋ ብለው አዩዋት። ባለቤታቸው ስኳር ስላለባቸው ምልክቱን ያውቁታል።

"አልሰከረችም፤ ስኳሯ ወርዶባት ነው" አሉና ሻሂያቸው ላይ ስኳር አብዝተው በትንሽ በትንሹ አጠጧት። "አብሽሪ ልጄ፣ አሁን ይመለስልሻል።"

ነፍሷ ተመለሰ። ሐፍረቱ ግን አልለቀቃትም። በሳምንቱ ከጸሎት ቤት ሁለት እናቶች ሊመክሯት መጡ፤ ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ስለ መጠጥ አነሱ። እቴነሽ ስኳሯ ወርዶ እንደነበር ሳትነግራቸው ሸኘቻቸው። ከዚያ ወዲያ ከሥራ በቀር ከቤት አልወጣችም። ብቻዋን መንገድ መሄድ ሞት መሰላት። በአንድ ወር ውስጥ ስኳሯ አራት መቶን ዘለለ። አንድ ቀን መርፌው ላይ ክር ማስገባት አቃታት፤ ግራ ዓይኗ ጭጋግ ለብሷል። የፋብሪካው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችና፣ "ጌታ ሆይ፣ ወይ ውሰደኝ ወይ መውጫ አሳየኝ" ብላ አለቀሰች።

ማታ ቤት ስትገባ አቢጌል ፊቷን አይታ አፋጠጠቻት። እቴነሽ ሁሉን ነገረቻት። በነጋታው ልጅቷ እየመራች ወደ መዲና ወሰደቻት።

መዲና ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለች፦ "ጥፋቱ የኔ ነው። ኢንሱሊን ተወግተው ሳይበሉ እንዳይሄዱ መንገር ነበረብኝ።"

"እንግዲህ አበቃልኝ?"

"አላበቃም። አሁን ግን በጣም ከፍ ብሏል፤ መጀመሪያ ሐኪሙ ያውርደው። ሲወርድ፣ በልተውና ተለክተው፣ ከረሜላ ይዘው፣ ከሰው ጋር ይሄዳሉ። ማታ ማታ እግርዎን ይዩ፤ ቁስል ቢኖር አይሰማዎትምና።"

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናትና ልጅ ከቁርስ በኋላ አብረው ወጡ። እቴነሽ የአቢጌልን ክንድ እንደያዘች አሥር ደቂቃ ሄዳ ተመለሰች። በማግስቱም ወጡ። አንዳንድ ቀን ግን በሩ ላይ ደርሳ ፈርታ ትመለስ ነበር።

በሦስተኛው ወር ስኳሯ ወደ መቶ ሰማንያ ወረደ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ያያት የዓይን ሐኪም ግን ግራ ዓይኗ እንደ ድሮው እንደማይሆን ሳይደብቅ ነገራት። ፋብሪካው ከስፌት አንስቶ ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛወራት፤ እዚያ ሥራው በቁም ነው። ጣቶቿ ዛሬም ደንዝዘዋል። ሁለቱ እናቶች ተመልሰው አልመጡም። አሁን በቀን ሃያ አምስት ደቂቃ ትሄዳለች፤ አቢጌልን የማይመቻት ቀን በልታ፣ ከረሜላዋን ይዛ ብቻዋን ትወጣለች።