ሙላቴ ያቀለጠው ኮንጎ

ሰው ስለ ሙላቴ ሲያወራ የሆስፒታል ዘበኛነቱን ያነሳል። እኔ ግን የአጥር ጎረቤቱ፣ የሚስቱም ቡና አጣጭ ነኝና የማስታውሰው የሚስቱን ጫማ ሲያቀልጥ ነው።

ነገሩ በደርግ ጊዜ፣ በ1976 ክረምት ነው። አንድ ሩሲያዊ ሐኪም እሑድ እሑድ ጉማራ ወንዝ እየወረደ፣ ከለስላሳ ፕላስቲክ በተሠራ ትል ዓሣ ያጠምድ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ መንጠቆውንና ክሩን ለሙላቴ ሰጠው። ትሉን ግን ዓሣ በልቶታል። ሙላቴ ሆዬ «ይቺን መሥራት ምን አላት!» አለና፣ ሚስቱ ላቀች ገበያ በዋለችበት ቀን ኮንጎ ጫማዋን ከታትፎ በጣሳ እሳት ላይ ጣደው።

ላቀች ስትመለስ ቤቱ በጥቁር ጭስ ታፍኗል። ያለችውን ሁሉ ብጽፈው ወረቀቱ ያፍራል። ፍርዷ ግን አጭር ነበር፦ «ለቡሄ እግሬ ላይ ጫማ ከሌለ በባዶ እግሬ ኢየሱስ እሄዳለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ባሌ ቀቅሎ በላው እላለሁ!» በቡሄ ደግሞ ከተማው በሙሉ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ነው የሚውለው።

ሱቅ ውስጥ ኮንጎ ከጠፋ ከርሟል። ንስሐ አባታቸው ቄስ ንዋይ ቤት ግን አንድ አዲስ አለ፤ ልጃቸው ከባሕር ዳር ለእናቷ ልካው ጠቧቸው ተቀምጧል። ቄሱ በጾም ዓሣ ይበላል ከሚሉት ወገን ናቸው። እንግዲህ ሙላቴ ትሉን ሠርቶ፣ ዓሣ ይዞ፣ በጫማው ሊለውጥ ቆረጠ።

ፕላስቲኩን ሊያፈስበት በጭቃ ያበጀው ቅርጽ በክረምቱ አልደርቅ ብሎ ትሉ እንደ ፈንጣጣ ፊት ተቦርቡሮ ወጣ። ቅርጹን ምድጃ ዳር አድርቆ ቢደግም ፕላስቲኩ አረረ። እሳቱን ቀንሶ በቀስታ ቢያቀልጠው ደግሞ ከጭቃው ተጣብቆ ጅራቱ ተበጠሰ። በአጥር ቀዳዳ እያየሁ የሳቅኩትን እግዜር ይቅር ይበለኝ። በመጨረሻ ላቀች ለጠጉሯ ያስቀመጠችውን ቅቤ ሰርቆ ቅርጹን ቀባው። ትሉ ሙልጭ ብሎ ወጣ፤ ሲነኩት የሚወዛወዝ፣ የሚያስጠላ ትል!

ቡሄ ሁለት ቀን ሲቀረው ክንድ የሚያህል ዓሣ ተሸክሞ ቄስ ንዋይ ደጅ ቆመ።

«በምን ያዝከው?» አሉት።

ለንስሐ አባት አይዋሽም። «ቅቤ... ቅቤ በተቀባ ትል፣ አባ።»

«በፍልሰታ? ቅቤ የቀመሰ ዓሣ?»

ሙላቴ ላብ አጠመቀው። ቄስ ንዋይ ዓሣውን አዩ፤ ሚስታቸውን አዩ፤ እንደገና ዓሣውን አዩ።

«ጾሙን የሻረው ዓሣው ነው» አሉ። «ቅጣቱንም አግኝቷል። አንተ ሃያ ስገድ። በል አምጣው።»

በቡሄ ዕለት ሴቶቹ ላቀችን ከበቧት። «ኸረ ይኸን ኮንጎ ከየት አገኘሽው?»

ላቀችም ባሏ እየሰማ፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ፣ «ባሌ ጉማራ ወርዶ አጥምዶ አወጣልኝ!» አለች።

ሙላቴ ነጠላውን ወደ ዓይኑ ሳበ። እኔስ ብትሉ፣ ያን ዕለት በባሏ ቀናሁባት።