መሸሻና ደንብ የጣሱት ግሦች

መሸሻን ኮልፌ ውስጥ የማያውቀው የለም። የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በኦጋዴን ጦርነት ለኩባ ወታደሮች ውሃ ሲያመላልስ ስፓኒሽ ለቃቅሞ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ጎማ ሲፈነዳበት እንኳ የሚሳደበው በስፓኒሽ ነው። በአማርኛማ ሚስቱ ትሰማዋለች!

ታዲያ በሰባ አንድ ዓ.ም. አንድ የኩባ ሐኪም የቀበሌያችንን ክሊኒክ ሊመርቅ ነው ተባለ። ሊቀመንበራችን ጓድ ወልደሰንበት በስፓኒሽ ካልተናገርኩ አሉ። አስተማሪው መሸሻ፣ ተማሪው መላው የውይይት ክበብ።

"እንግዳው ፊት ካሳፈርከኝ ማደሪያህን ታውቃለህ" አሉት። የቀበሌውን እስር ቤት ማለታቸው ነው።

መሸሻ ጀመረ። "ኮሜር መብላት ነው። በላሁ ለማለት ጫፉን ቆርጦ 'ኢ' መቀጠል፤ ኮሚ።"

ደስ አለን! በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ሮጥኩ፣ ሁሉም ተሰልፎ መጣ።

"አሴር ደግሞ መሥራት ነው።"

"አሲ!" አልን በአንድ ድምፅ።

"የለም፣ ኢሴ ነው። ፖኔር፣ ማስቀመጥም ፑሴ ይሆናል።"

ጓድ ወልደሰንበት ብድግ አሉ። "ማን ፈቀደላቸው?"

"ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ናቸው፣ ጓድ።"

"ከጥንት! ሰማችሁ? የፊውዳል ቅሪቶች! ጭሰኛው ግስ ደንብ ሲያከብር እነሱ እንዳሻቸው?"

የሴቶች ማኅበሯ እትዬ ጽጌማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ኧረ ጓድ፣ እኛስ ሰው ስንጠራ 'ና' እንላለን እንጂ 'ምጣ' እንላለን?"

"እሱ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል!"

ድምፅ ተሰጠ። ተቃዋሚ የለም፤ ድምፀ ተአቅቦም የለም። መሸሻም እጁን አወጣ፤ የልጆች አባት ምን ያድርግ? ግሦቹ በሙሉ ደንብ ገቡ።

በምረቃው ዕለት ጓድ ወልደሰንበት ደረታቸውን ነፍተው፣ "ክሊኒኩን ሠራን" ለማለት በታረመው ግስ "አሲሞስ!" አሉ። "አስቀመጥን"ም፣ "መጣን"ም እንደዚያው። ሐኪሙ መጀመሪያ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ቀጥሎ እንባውን ጠረገና አንድ ነገር ተናገረ። የመሸሻ ፊት አመድ መሰለ።

"ምን አለ?" አሉ ሊቀመንበሩ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ሐኪሙ ያለው፣ "አገር ቤት የተውኳት ሕፃን ልጄ ልክ እንዲህ ነው የምታወራው፤ ናፈቀችኝ" ነበር።

መሸሻ እንዲህ ሲል ተረጎመ፦ "ጓድ፣ ኩባ ውስጥ ከአብዮቱ ወዲህ የተወለደው አዲሱ ትውልድ ልክ እንደ እርስዎ ነው የሚናገረው አሉ።"

ጭብጨባው ጣራውን ሊገነጥለው! መሸሻ ያን ቀን ቤቱ አደረ። ጓድ ወልደሰንበት ግን በድሉ ተበረታተው "ና"ን በሚቀጥለው ስብሰባ አገዷት። እኛም ያን ሰሞን ልጆቻችንን "ምጣ!" እያልን ስንጣራ ከረምን፤ ማን ሰምቶን ይምጣ!