የጽዋው ቋጠሮ

ጋሽ መኮንን በአሰበ ተፈሪ "ደጉ ሰውዬ" ይባሉ ነበር። ስሙን አይወዱትም። ዘወትር ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲመለሱ ከቦኖ አንድ ጄሪካን ውሃ ቀድተው የእትዬ ሮማነወርቅ ደጅ ላይ ያስቀምጡና ጫት ወደሚያስሩበት ወደ ነጋዴው በድሪ ግቢ ይሄዳሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላጓደሉም። እትዬ ሮማነወርቅ ባል የሞተባቸው ብቸኛ ሴት ስለነበሩ መንደርተኛው "ክርስቲያን ማለት እንዲህ ነው" ይላል። ጋሽ መኮንን አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ።

ምክንያቱን የነገሩኝ ካረጁ በኋላ ነው።

በ1970 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ተከልክሎ፣ በየወሩ በሰባት ይጠጣ የነበረው የሥላሴ ማኅበር ተቋረጠ። የማኅበሩ መሪ አቶ ገብሬ ወደ መሰላ ሲሸሹ ጽዋውንና የአባላቱን ስም ዝርዝር ለጋሽ መኮንን ሰጧቸው። "ካንተ በቀር ማንም አይወቅ፤ አደራ!" አሏቸው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ "ነገ አሰሳ አለ" ተባለ። ያኔ አሥራ ሁለት ስም የተጻፈበት ወረቀት ሰው ያስገድል ነበር። ጋሽ መኮንን ሦስት ትንንሽ ልጆች ነበሯቸው። ጎህ ሳይቀድ ጽዋውንና ወረቀቱን በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ወጡ። ወንዝ ሊጥሉት ነበር፤ የሥላሴን ጽዋ ለመጣል ግን እጃቸው እምቢ አለ። እትዬ ሮማነወርቅም የማኅበሩ አባል ናቸው። "ብቸኛ ሴት ናት፤ ማን ይጠረጥራታል?" ብለው በሴትየዋ አጥር አሾልከው ግቢያቸው ውስጥ አስቀመጡት።

የአብዮት ጠባቂዎቹ ጽዋውን ከእትዬ ሮማነወርቅ ቤት አገኙት። ሴትየዋ አሥራ አንድ ቀን ታሰሩ። የማንንም ስም አልጠሩም። ከስተው፣ ጽዋውን አቅፈው ተመለሱ። አቶ ገብሬ መሰላ ሳሉ አረፉ። ምስጢሩ ከጋሽ መኮንን ጋር ብቻ ቀረ።

የውሃው ነገር የተጀመረው ያን ሰሞን ነው። ጠዋት ጠዋት ዳዊት መድገም ጀመሩ፣ ረቡዕና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሙ፣ አሰቦት ገዳም ድረስ ሄደው ሰገዱ። "ልምዱ ቀኔን ደግፎ ያቆምልኝ ነበር፤ ልቤን ግን አልነካውም" አሉኝ። ማኅበሩ ፈቃድ አግኝቶ እንደገና ሲጀመርም፣ ጽዋው ሲደርሳቸው ከንፈራቸውን አስነክተው ያሳልፉታል እንጂ አይጠጡም ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ጨንቋቸው ለነፍስ አባታቸው ተናገሩ። ቄሱ፣ "ውሃው ጥሩ ነው ልጄ። ግን መጀመሪያ ለሷ ንገራት፤ ከዚያ ወደኔ ና" አሏቸው።

ሳምንት አለፈ፤ ለእትዬ ሮማነወርቅ አልነገሩም። አንድ ቀን ጫት ሲያስሩ በድሪ መጥቶ ቆመ።

"ማል ታቴ? ምን ሆነሃል መኮንን? ጫቱን አንቀህ ልትገድለው ነው?"

"የሰው በደል አለብኝ።"

በድሪ መሳቁን ተወ። "የራሱን አላህ ይምራል። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ይቅር ካላለ ሶላትም ጾምም አያወርደውም። ሂድ፤ ዛሬ እኔ አስራለሁ።"

"አንተ ካሰርከውማ ድሬዳዋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይበተናል።"

"ይበተን! ሂድ አልኩህ!"

ሄዱ። ዘጠኝ ዓመት ያላንኳኩትን በር አንኳኩ። እትዬ ሮማነወርቅ ጎመን እየቀረደዱ ነበር።

"እትዬ፣ ያንን ጽዋ... ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

ቢላዋው አልቆመም። "አውቃለሁ።"

"እንዴት?"

"ጨርቁ የታሰረው በጫት አሳሪ ቋጠሮ ነዋ! ከማኅበርተኛው መሃል በድሪ ግቢ የሚሠራ ካንተ ሌላ ማን አለ? ጠባቂዎቹ በሩን ይደበድባሉ፣ እኔ በጥርሴ እፈታለሁ! ይቺ ጥርሴ የተነቃነቀችው ያኔ ነው፤ እያት!" ከንፈራቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩአቸው። "ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ጽዋውን ምን ላድርገው?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"አንተስ ለምን ዝም አልክ?" አሁን ቢላዋውን አስቀመጡ። "በየጠዋቱ 'ዛሬ ያንኳኳል' እላለሁ። ውሃህን አስቀምጠህ ትሄዳለህ። የመጀመሪያውን ሰሞን ተናድጄ እደፋው ነበር። ኋላ ጠጣሁት። ይቅር ካልኩህ ቆየሁ መኮንን፤ ሳትጠይቀኝ እንዴት ልስጥህ?"

ጋሽ መኮንን እግራቸው ላይ ወደቁ። "እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። ተነስ፣ ጎመኑን ረገጥከው" አሏቸው።

በዚያ ወር በሰባት ጽዋው ሲደርሳቸው ጠጡ። ተጣድፈው ሲጎነጩ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ፤ እትዬ ሮማነወርቅ ከማዶ አይተው ፈገግ አሉ።

"ሰላም አገኘሁ፣ ሥላሴ ይመስገኑ" አሉኝ ጋሽ መኮንን። "ግን አሥራ አንዱን ቀን ልመልስላቸው አልችልም። ስለዚህ ውሃውን አልተውኩም። እስኪያርፉ ድረስ ወሰድኩላቸው፤ አንኳኩቼ።"