የሐሊማ ግድግዳ

ዛሬ ማለዳ ልጄ ለጸሎት እንዲቀሰቅሰኝ ደወል የሞላችልኝ ስልክ ጮኸ። አጠፋሁትና ተመልሼ ተኛሁ።

እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ፤ ሐሊማ ትዝ አለችኝ።

በደርግ ጊዜ ጅግጅጋ አስተማሪ ሳለሁ ጎረቤቴ ነበረች። ጎህ ሲቀድ የሱብሂ ሶላቷን ስትጨርስ የጋራ ግድግዳችንን ትደበድብልኛለች። እኔም ተነሥቼ ዳዊቴን ደግሜ ስጨርስ መልሼ እመታላታለሁ።

አንድ ቀን እንቅልፍ ጣለኝና መልስ አጣች። በሬን ልትሰብረው ደረሰች። ስከፍት እያለከለከች ቆማለች።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ሳትጸልዪ ስትቀሪ የሞትሽ መሰለኝ እኮ!»

ስልኬ ሰዓት አያዛንፍም፤ ብቀር ግን አይደነግጥልኝም።

ተነሥቼ ዳዊቴን ደገምኩ። ስጨርስ ሳላስበው እጄ ግድግዳውን መታ። ከወዲያ ማን እንደሚኖር እንኳ አላውቅም።

እናንተስ፣ ሳትጸልዩ ስትቀሩ የሚደነግጥላችሁ ማነው?