በእትዬ ዘይነባ ፍግ ውስጥ የቀበርኩት ሰርዶ

ባለፈው ቅዳሜ ጓሮዬን ስኮተኩት አንድ የሰርዶ ሥር እጄ ላይ ቀጭ ብሎ ተበጠሰ። ነጭ፣ አንጓ አንጓ ያለው፣ እርጥብ አፈር አፈር የሚሸት ሥር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ወርውሮት ያልፋል። እኔ ግን እዚያው ቁጭ አልኩ፤ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ማንም ሳያየኝ፣ በገዛ ጓሮዬ ውስጥ አፈርኩ።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ የምንኖረው ቡታጅራ ነበር። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው። የተከራየነው ቤት ከኋላው እንሰትና ጎመን ያለበት ጓሮ ነበረው፤ ከመካከላችን ግን ስለ እንሰት የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ያስተማረችን ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ሳቂታ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት። ፍጉ መቼ እንደሚበተን፣ የበርበሬ ችግኝ መቼ ከመደቡ ተነቅሎ እንደሚተከል፣ የእንሰቱ ደረቅ ቅጠል መቼ እንደሚገፈፍ ከእሷ ነው የሰማነው። በመሀላችን የነበረው አጥር ለስሙ ነው እንጂ ዶሮዎቿ እኛ ዘንድ ይውላሉ፣ እኔ ደግሞ እሷ ዘንድ።

ሰርዶ ደጅ ሲሆን፣ ከብቱ የሚግጥበትና ሰው የሚሰበሰብበት ሰፊው ጀፎረ ላይ ሲሆን፣ ትወደዋለች። ጓሮ ከገባ ግን ዓይኑን ማየት አትፈልግም። «ሥሩን አትበጥሺው የኔ ልጅ፤ እየተከተልሽ ሳቢው። ከዚያ ድንጋይ ላይ አስጪው፣ እስኪንኮሻኮሽ። ትንሽ ነፍስ ካለችው ወላሂ ተመልሶ ይመጣል» ትለኝ ነበር።

አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ አባቴ ዝናቡ ሳይበረታ ጓሮውን ብቻዬን ከሰርዶ እንዳጸዳ አዘዘኝ። ሦስት ቀን ቆፈርኩ። ሥሩን መሳቡስ ይሁን፤ ያን ሁሉ ክምር በየቀኑ እያገላበጡ ማድረቁ ግን አንገፈገፈኝ። ከደጅ የጓደኞቼ የሰኞ ማክሰኞ ጫጫታ ይጠራኛል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ግራ ቀኙን አየሁና ሥሩን በቁና እየሞላሁ፣ በአጥሩ ቀዳዳ እያሾለክሁ፣ በእትዬ ዘይነባ የፍግ ክምር ውስጥ ቀበርኩት። ላዩን መልሼ በፍግ ሸፈንኩ። እጄን ታጥቤም ልጫወት ሮጥኩ።

ፍጉ ለበርበሬዋ ያዘጋጀችው ነበር። የዓመት ወጧ የሚወጣው ከዚያች ቁራጭ መሬት ነው፤ ይህንንም አውቅ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ በቅርጫት እየተሸከመች መበተን ጀመረች። አጥሩ ሥር ቆሜ ስታየኝ፣ «ነይ እንጂ፣ ቢስሚላህ በይና አንድ ያዥልኝ» አለች። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ሥሩን ለቅመን እንጨርሰው ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የአባቴ ቁጣ ትዝ አለኝና ቅርጫቱን ተቀብዬ አብሬያት በተንኩ።

ሐምሌ ላይ በርበሬው አይታይም፤ ሰርዶ ብቻ ሆነ። ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ ብላ ትነቅላለች፣ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ነው። የዝናብ ወቅት ስለሆነ የነቀለችው አይደርቅም። አንድ ቀን አባቴ አጥሩ ጋ ቆሞ አያት፤ የእኛን ጓሮ እያሳየ፣ «ይኸውልዎት፣ ይቺ ልጅ ብቻዋን ነው ያጸዳችው። ትንሽ ትጋት ነው እኮ የሚፈልገው!» አላት። ያስተማረችንን ሴት ነው እንዲህ ያላት።

እትዬ ዘይነባ ቀና ብላ የእኛን ጓሮ አየች፣ ከዚያም እኔን። «ማሻአላህ» አለች፤ ከልቧ ነው። «እኔማ አረጀሁ መሰለኝ መምህር፤ እጄ ሳይሰንፍ አልቀረም። እስቲ እንዴት እንዳደረግሽው አሳዪኝ የኔ ልጅ።»

አሳየኋት! አባቴ እያየ፣ እጭቃው ላይ ተንበርክኬ፣ ሥሩ እንዳይበጠስ እየተከተልኩ እየሳብኩ፣ የገዛ ቃሏን መልሼ ለእሷ ነገርኳት። እሷም አዲስ ነገር እንደሚሰማ ሰው ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ።

ኅዳር ላይ አባቴ ወደ ወልቂጤ ተዛወረ። ዕቃችን ሲጫን እትዬ ዘይነባ በጨርቅ የተቋጠረች ደረቅ በርበሬ ይዛ መጣችና ለእናቴ ሰጠቻት። «ከሰርዶው የተረፈው ይኸው ነው። ለልጅቷ ነው፣ ላስተማረችኝ» አለች። እናቴ እንቢ ብትልም በግድ አስያዘቻት። ወልቂጤ ገብተን በዚያ በርበሬ ወጥ ሲሠራ ሆዴን አመመኝ ብዬ ጦሜን አደርኩ።

ከወልቂጤ ቡታጅራ ሩቅ አልነበረም። ልጅ ሳለሁ የሚወስደኝ የለም እል ነበር፤ አድጌ ደመወዝተኛ ስሆን ጊዜ የለኝም አልኩ። በመጨረሻ ማረፏን ሰማሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ ከኀዘኑ ቀድሞ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ዛሬ በእኔና በጎረቤቴ መካከል የብሎኬት አጥር ቆሟል፤ ስሟን እንኳ አላውቀውም። ያኔ ግን አጥሩ ቀዳዳ ነበር፣ ሴትዮዋም ደግ ነበረች፣ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

ልጆቼ ታሪኩን ያውቁታል። «እናታችን ገና በአሥር ዓመቷ ጓሮ አጽድታ ጎረቤት አስተምራለች» እያሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወራሉ። እንዲህ ብዬ የነገርኳቸው እኔው ነኝ።