አሥር ደቂቃ ቁልቁለት

ጥናት ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ ይሆናል ይባላል። አይሆንም። ለዶክትሬት ዲግሪዬ የጉለሌን ዳገት ስወጣና ስወርድ በከረምኩባቸው ዓመታት ድምፅ የሌለው ሰው አንድም አላጋጠመኝም። ያጋጠመኝ፣ ሰው የተናገረውን የሚያሰፍርበት ቦታ የሌለው መጠይቅ ነው። መጠይቁን ያዘጋጀሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው የሥራ ቀን ታብሌት ተሸክሜ፣ ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሸጎሌ ከታክሲ ወረድኩ። ዕድሜዬ አርባን አልፏል። የጥናቴ ርዕስ ስለ ጤና ፖሊሲና የጤና አገልግሎት ስላልደረሳቸው ማኅበረሰቦች ነበር። ቤት ለቤት የምታዞረኝ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሲስተር ጽጌ ባጄንም ታብሌቴንም አላየችም።

"ሳሙና ይዘሃል?" አለችኝ።

ተጠያቂው ላጠፋው ጊዜ አንድ ሳሙና መስጠት የሙያችን ልማድ ነው። ገንዘብ ከሰጠን መልስ የገዛን ይመስለናል፤ በሳሙና ግን ማንም አይታማም። አንድ ካርቶን ይዣለሁ አልኳት።

"በል ና ዶክተር።"

"ኧረ ገና ዶክተር አልሆንኩም።"

"እዚህ ሰፈር ሳሙና የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው።"

በዚያው ሳምንት ሸማኔው ጋሽ ዘውዴ ቤት ገባን። አንዲት የኪራይ ክፍል ናት፤ ግማሿን የሽመናው ጉድጓድ ይዞታል። ጋሽ ዘውዴ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው፣ መወርወሪያውን ሳያቆሙ "ግቡ፣ ግቡ" አሉን። ከደጃቸው ቁልቁል ለሚያይ የጤና ጣቢያው ሰማያዊ ጣሪያ ወለል ብሎ ይታያል።

በእኔ መስፈርት አገልግሎት አልደረሰውም የሚባለው፣ ከጤና ተቋም በእግር ከሠላሳ ደቂቃ በላይ የሚርቅ ሰው ነበር። መስፈርቱን ከውጭ ጽሑፎች ወሰድኩት። ለመለካት ይመቻል።

"ከቤትዎ እስከ ጤና ጣቢያው በእግር ስንት ደቂቃ ይፈጅብዎታል?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ለመድረስ ነው ለመታከም?"

"ለመድረስ።"

"አሥር ደቂቃ። ቁልቁለት እኮ ነው።"

አሥር ብዬ ስሞላ ታብሌቱ መጠይቁን ዘጋው። ተጠያቂው በጥናቱ አይካተቱም፣ ስለ ትብብራቸው አመስግን የሚል ጽሑፍ ወጣ። አመሰገንኩና ሳሙናውን ሰጠኋቸው።

"በቃ?" አሉኝ። "ዓይኔን አትጠይቀኝም?"

ከዚያ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። የሚያዩት በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ይታያቸዋል፣ ዳርና ዳሩ ጨልሟል። የጥለቱን ጠርዝ የሚያገኙት በጣታቸው ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው ዓይን ሐኪም ዘንድ መቅረብ እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል። ለዚያ የጤና መድን ያስፈልጋል። ለመድኑ የወረዳ መታወቂያ፣ ለመታወቂያው ደግሞ የቤቱ ባለቤት ፊርማ። አከራያቸው ግን "ተከራይ አለኝ ብዬ ከፈረምኩ ግብር ይመጣብኛል" ብሎ እንቢ ብሏል።

ውጭ ስንወጣ ሲስተር ጽጌ ክንዴን ያዘችኝ።

"ሠላሳ አንድ ደቂቃ ብለህ ሙላው። እርዳታ የሚመጣው ጥናት ውስጥ ለገባ ነው። ምን ይጎድልብሃል?"

"መረጃ ማጭበርበር ይሆናል።"

"እሺ፣ አታጭበርብር። ሰውየው ይታወሩ።"

አላጭበረበርኩም። እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ሐቀኝነቴ የሚጠራጠር ሰው የለም።

ለአማካሪዬ ነገርኩት። ጎበዝ ሰው ነው፤ ብዙ ተማሪ አስመርቋል። "ከመስፈርት የወጣ ሰው መረጃ አይደለም፣ ታሪክ ነው" አለኝ። "ታሪኩን ለጡረታህ አስቀምጠው።" መስፈርቱን እንለውጠው ማለት እችል ነበር። የሰበሰብኩት ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው ብዬ ዝም አልኩ።

መመረቂያ ጽሑፌን ስከላከል ፈታኞቹ ካርታዬን ወደዱት። አገልግሎት ያልደረሳቸው ሰፈሮች ቀይ፣ የደረሳቸው አረንጓዴ። መታወቂያ ሳይጠይቅ ዓይን የሚመረምር ተንቀሳቃሽ ቡድን የነበረው አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የት እንደሚሰፍር ለመወሰን ካርታውን ጠየቀኝ። ደስ ብሎኝ ሰጠሁ። ጥናት ሥራ ላይ ሲውል ማየት የስንቶቻችን ምኞት ነው? ቡድኑ ቀዩ ሰፈር፣ ተራራው ላይ ድንኳኑን ተከለ። እዚያም የሚታከም ሰው ነበር፤ አልክድም። የጋሽ ዘውዴ ሰፈር ግን አረንጓዴ ነው።

ይህን የነገረችኝ ሲስተር ጽጌ ናት፤ የተጠረዘውን ጽሑፌን ልሰጣት የሄድኩ ቀን። "ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሳቸው ስጣቸው" አለችና ይዛኝ ሄደች።

ጋሽ ዘውዴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። የሽመናው ጉድጓድ ሳንቃ ተጋድሞበታል። ሰላምታ ስሰጥ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

"ሳሙናው ነህ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

ሲስተር ጽጌ አከራዩን ደጅ ጠንታ፣ ለምናም ዝታም አስፈርማዋለች። መታወቂያውም መድኑም ተገኘ። ሐኪሙ ግላኮማ ነው፣ የጠፋው አይመለስም አላቸው። ቀድመው መጥተው ቢሆን የቀረውን ማቆየት ይቻል እንደነበርም ነግሯቸዋል። ሐኪም አንዳንዴ እንዲህ ያለውን ነገር ባይናገር ምን አለበት።

ጽሑፉን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠርዙን እንደ ጨርቅ ዳሰሱት።

"እኔ የቱ ገጽ ላይ ነኝ?"

"የሉበትም" ማለት ነበረብኝ። ግን ፈልጌ አገኘሁት፤ አንድ ሠንጠረዥ ሥር፣ በደቃቅ ፊደል። "ያልተካተቱ፤ አገልግሎቱ ቅርብ በመሆኑ" ብዬ አነበብኩላቸው።

ፊታቸውን ወደ ቁልቁለቱ መለሱ።

"እውነት ነው" አሉ። "ቅርብ ነው። ጣሪያው ይታየኝ ነበር።"

አሁን ዶክተር ነኝ። ከሥራው የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ሕንፃ ቀረበ ማለት ሕክምና ደረሰ ማለት አይደለም። ይህን ጽጌ ያለ ዲግሪ ታውቀው ነበር።

አንተም መጠይቅ የምታዘጋጅ ከሆነ፣ የደቂቃውን ጥያቄ ዛሬውኑ ሰርዘው። በቦታው "መጨረሻ ጤና ጣቢያ የሄዱ ቀን በሩ ላይ ምን አሉዎት?" ብለህ ጠይቅ። የሚሉህንም ሁሉ ጻፍ። ሳሙናውን ግን ለራስህ ይዘህ ተመለስ።