በእማማ ጥሩዓለም ደጅ የፈታሁት ቦርሳ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቤዛ አዲስ የወገብ ቦርሳ ገዝታ መጣች። ይህች ልጅ የእኔው የብስክሌት ዛር ሰፍሮባታል፤ እሑድ እሑድ ማውንቴን ብስክሌቷን ይዛ ከጓደኞቿ ጋር ከደብረ ማርቆስ ወጣ ትልና ገጠር ለገጠር ስትዞር ትውላለች።

«የጀርባ ቦርሳ ያልበኛል፤ ኪሴ ውስጥ የከተትኩት ደግሞ ዳገት ላይ ጭኔን ይወጋኛል» አለችኝ። «ይሄ ግን ወገብ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ለመሆኑ አባዬ፣ አንተ ድሮ ምን ምን ትይዝ ነበር?»

ቦርሳውን ተቀብዬ ማያያዣውን ገጠምኩት። ቀጭ አለ። ያቺን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! ፊቴ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ልጅቱ «ምነው፣ አልወደድከውም?» አለች። ወድጄው እንደሁ፣ ከፍቶኝ እንደሁ እኔም አላውቀውም። ዛሬም ድረስ እንዲህ ያለ ቦርሳ ታጥቄ የወጣሁባትን ያቺን ጧት ሳስባት ሳቅ ይቅደም ሌላው ይቅደም ግራ ይገባኛል።

በእኛ ጊዜ ብስክሌት ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ዕቃውን መያዝ ሌላ ጣጣ ነው። የእኔዋን ማውንቴን አጎቴ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኖ ነው የላከልኝ። ጎማዋ ወፍራም፣ ፍሬኗ ግን ልብ የማይጣልበት ነበረች። ገጠር የሚነዳ ሰው መፍቻውንም፣ መለጠፊያውንም፣ መንፊያውንም ይዞ መውጣት አለበት። መፍቻ ኪስ ውስጥ ሲከቱት ሱሪ ያወልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የእናቴን መቀነት ሰርቄ ዕቃዬን ጠቅልዬ ወገቤ ላይ እጠመጥም ነበር። አንድ ቀን ወደ ጨሞጋ ወንዝ ቁልቁል ስወርድ መቀነቱ ተፈትቶ የብስክሌቷ ካቴና በላው። እናቴ ግሪስ የጠጣውን መቀነቷን ዘርግታ አየችና «እንግዲህ ይህን ታጥቄ ነው ማርያም የምሳለመው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ መቀነት ቀረ።

የወገብ ቦርሳዋን ያገኘኋት ገበያ ውስጥ፣ ከሰልባጅ ክምር ሥር ነው። የወታደር ልብስ የመሰለች አረንጓዴ፣ ሁለት ትልልቅ ኪስ ከውጭ፣ አንዲት ትንሽ ኪስ ከውስጥ ያላት። ጎማ ማውለቂያ ብረት ስላልነበረኝ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያዝኩ። ከአሮጌ ካላማዳሪያ፣ ከጎማው ውስጥ ከሚነፋው ላስቲክ፣ የተቆራረጠ ልጥፍ፣ ማስቲሽ፣ መፍቻ፣ በላስቲክ የተቋጠረ በሶ። ጎማውን መፈግፈጊያ ብርጭቆ ወረቀቴን አጥፌ በውስጠኛዋ ኪስ አደረግኋት። ቦርሳዋን ወደ ፊት አዙሬ ሆዴ ላይ ስታጠቃት ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ጥቅምት ነበር። የስፖርት አስተማሪያችን ለባሕር ዳሩ የብስክሌት ውድድር የሚሄዱ ልጆች ሊመርጥ፣ በጧት ከማርቆስ ተነሥተን በአምበር በኩል፣ ከመኪናው መንገድ እየወጣን በማሳ ለማሳ፣ ሉማሜ እንድንደርስ አዘዘን። እሱ በመኪና ቀድሞ ሉማሜ ይጠብቃል። ቀድመው ከሚደርሱት ይመርጣል። ሕጉም ጥብቅ ነበር፤ ጎማው የተነፈሰበት ራሱ ይጠግናል፣ ማንም አይጠብቀውም። መንገድ ላይ ቁጭ ማለት የለም፣ እግር ይቀዘቅዛል። የሰው ቤት እህልና ጠላ መቅመስ የለም፣ ሆድ ይከብዳል። እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ አስተማሪ ያለውን እንደ ወንጌል ነበር የምይዘው።

የጥቅምት ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ጤፉ ገና አልታጨደም፤ ጤዛው ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አርሶታል። አምበርን አልፈን ብዙም ሳንሄድ፣ ለአጥር ከተቆረጠ እሾህ ላይ ወጣሁና የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ጓደኞቼ እየሳቁብኝ አለፉ። በማንኪያዎቼ ጎማውን አወለቅሁ፤ ቀዳዳውን ግን ባዳምጥም፣ ከንፈሬን ባስጠጋም አላገኘው አልኩ። እንዲህ ያለውን ቀጭን ቀዳዳ የሚያጋልጠው ውኃ ነው፤ ካላማዳሪያው ተነፍቶ ሲነከር አረፋው ይናገራል። የእኔ መንፊያ ደግሞ ያን ቀን ጉሮሮው ተዘጋ። ዕቃዬን ወደ ቦርሳዬ መልሼ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ በቅርብ ወዳየሁት የሣር ቤት ሄድኩ።

አንዲት ጠና ያሉ ሴት በረት ይጠርጋሉ። ስማቸው እማማ ጥሩዓለም እንደሆነ ኋላ ነው ያወቅሁት።

«እንደምን አደሩ እማማ።»

ቀና አሉ። ያዩት ፊቴን አይደለም፤ ወገቤን ነው።

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከወዴት ነህ?»

«ከማርቆስ ነኝ።»

«ግባ። ተቀመጥ።»

«አይ፣ አልቀመጥም እማማ።»

«እህል ቅመስ እንግዲያ። ትኩስ ነው።»

«አልችልም። ስመጣ እህል እንዳልቀምስ ተነግሮኛል።»

መጥረጊያቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። እኔ የተነፈሰችው ብስክሌቴ ጉዳዬን የምትናገርልኝ መስሎኛል፤ የማስበው ትልቅ ሳፋ ያለው፣ ምናልባትም የብስክሌት መንፊያ ያለው ሰው አይጠፋም ብዬ ነው። ስለዚህ «ብቻዎን ነዎት?» አልኳቸው።  «ጎረቤት ቢጠሩልኝ ጥሩ ነበር» ብዬ ጨመርኩበት።

መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ። ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ታጥቀዋል። በአጥሩ ላይ አሻግረው «አያ ይስማው! አያ ይስማው ኧረ ድረስልኝ!» ብለው ተጣሩ። ድምፃቸው ለአንዲት ሳፋ ውኃ የሚሆን ድምፅ አልነበረም።

አያ ይስማው ጋቢያቸውን እየጎተቱ ሮጠው መጡ። ሌሎችም ተከተሉ። ወዲያው ደጁ ሰው ሞላው። እኔ መቼም የገጠር ሰው ብስክሌት ብርቁ ነው፣ ሊያዩ ነው የመጡት አልኩ። ግን ብስክሌቷን ዞር ብሎ ያያት የለም። ሁሉም የሚያየው ወገቤን ነው። የሱሪዬ ዚፕ ተከፍቶ ይሆን ብዬ ፊቴን አዙሬ ዳሰስኩ፤ ተዘግቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ሁሉም የእኔን አፍ ይጠብቃል፣ እኔ ደግሞ ውኃውን እጠብቃለሁ። እንዲህ ተፋጠን ቆምን።

በመጨረሻ የአጥቢያው ቄሰ ገበዝ መጡና መስቀል አሳልመውኝ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሜዳ አይነገርም። መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ።»

«ምን ልንገርዎት አባ?»

«የያዝከውን።»

«የያዝኩትማ ካላማዳሪያ ነው። ተነፍሶብኝ ነው።»

«እሱን ተወው። የአንለይን ነው የምልህ።»

«አንለይ ማነው?»

ቄሰ ገበዙ ወደ እማማ አሻግረው አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው «ልጃቸው ነው፤ ጦር ሜዳ ያለው» አሉኝ። «ከክረምት ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ልጄ፣ በማለዳ የመጣ፣ ታጥቆ የቆመ፣ እህል አልቀምስም ያለ፣ ጎረቤት ይጠራልኝ ያለ ሰው፣ ምን ይዞ መጣ ይባላል?»

መርዶ! የእናቴ ወንድም ሲሞት ሽማግሌዎቹ እንዴት በጧት እንደመጡ፣ እናቴ ቁርስ ቅመሱ ስትላቸው እንዴት መሬት መሬት እንዳዩ አስታወስኩ።  «ኧረ እኔ ምንም አልያዝኩም! ኧረ እኔ ተማሪ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ጩኸቱ ግን ነገሩን አባሰው። እውነትም ለመርዶ የተላከ ልጅ ቢጨንቀው እንዲህ ነው የሚለው።

እማማ ጥሩዓለም ሰውን እየከፈሉ መጡና ከፊቴ ቆሙ። አላለቀሱም።

«ፍታው» አሉኝ። «እዚህ ፍታው።»

ፈታሁት። ሰፌድ ቀረበና ዕቃዬን አንድ በአንድ አወጣሁ። ማንኪያዎቹ ሲወጡ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። መፍቻው ወጣ፣ ልጥፉ ወጣ፣ በሶው ወጣ። ቦርሳዋን ገልብጬ አራገፍኳት። እሳቸው ግን ከእጄ ወስደው ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና ያችን ትንሽ ኪስ አገኟት። የታጠፈ ወረቀት ይዘው ወጡ። ከኋላ አንዲት ሴት «ወይኔ!» አለች።

እማማ ወረቀቱን ዘረጉት። ማንበብ አይችሉም፤ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። አሸዋው ሻከራቸው። እንደገና ዳበሱትና ለቄሰ ገበዙ ሰጧቸው። ቄሰ ገበዙም ፊትና ኋላውን አገላብጠው አዩት፣ ጥፍራቸውን ፈተጉበት። «ፊደል የለበትም» አሉ። «የአናጢ ወረቀት ነው። መፈግፈጊያ።»

«ሌላ ኪስ የለውም?»

«የለውም እማማ። ባዶ ነው።»

«ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው።»

ቦርሳዬን ደረታቸው ላይ አድርገው እዚያው እበቱ ላይ ቁጭ አሉና ያን ጊዜ አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ለምን እንደማለቅስ ግን አላውቅም። ግማሹ ሰው ይስቃል፣ ግማሹ ያማትባል። አንዱ ሊቆጣኝ ጀመረና መሀሉ ላይ ሳቅ አመለጠው።

ነገሩን ያረጋጉት አያ ይስማው ናቸው። «በሉ እንግዲህ፣ ይህ ልጅ የመጣበትን እንፈጽምለት» ብለው ትልቅ ገበቴ ሙሉ ውኃ አስመጡ። ከሰፈሩ አንዱ መንፊያ አገኘ። ካላማዳሪያውን ነፋነው፤ አያ ይስማው እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው ውኃው ውስጥ ያዞሩት ጀመር። ለልቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ በገበቴው ዙሪያ ቁጢጥ አለ። ቄሰ ገበዙም ጭምር። ትንፋሹን ያልዋጠ የለም።

«ይኸውና!» አሉ አያ ይስማው። «ይኸውና አረፋው! አገኘሁት!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ለአንዲት የጎማ ቀዳዳ እልል ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እማማ ጥሩዓለም ካላበላሁህ ብለው እንጀራ በአዋዜ አቀረቡልኝ፤ በላሁ። ጠላውንም ጠጣሁ። ሉማሜ ስደርስ አስተማሪው ልጆቹን መርጦ ሻይ እየጠጣ ነበር። የጠላው ሽታ ሲደርሰው ምን እንዳለኝ አልናገርም። ባሕር ዳር ሳልሄድ ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አልለይ አለኝ።

ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር እማማ የብስክሌቷን ድምፅ ሰምተው ከመንገዱ ዳር ይቆማሉ። ገና ከሩቅ «ባዶ ነው?» ይሉኛል። እኔም ቦርሳዬን ፈትቼ፣ በአንድ እጄ ወደ ላይ አንሥቼ፣ «ባዶ ነው እማማ!» እያልኩ አልፋለሁ። ውስጡ በመፍቻና በማንኪያ ታጭቆ ባዶ ነው ስል ውሸት አይመስለኝም ነበር። አንዳንዴም ከወዲያኛው አጥር አያ ይስማው ብቅ ብለው «ቀዳዳው እንዴት ነው?» ይሉኛል።

ኋላ ለመምህርነት ሥልጠና ሌላ አገር ሄድኩ። ጦርነቱ አልቆ ስመለስ ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁ። በእማማ ደጅ ሳልፍ መንገዱ ዳር ማንም የለም። ደወሌን ደወልኩ፤ ዝም። ይህን ዝምታ ለበጎ ልተርጉመው ለክፉ? አልፌ ልሄድ አልኩና እግሬ አልሄድ አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ «ቤቶች!» አልኩ።

አንድ አንካሳ ወጣት በዱላ ተደግፎ ወጣ። ፊቱ የእማማ ፊት ነው።  ከውስጥ የእማማ ድምፅ መጣ።

«አንለይ! ማነው? ታጥቋል?»

ወጣቱ ወገቤን አይቶ ፈገግ አለ። «አዎ፣ ታጥቋል።»

«እንግዲያስ ፈትቶ ይግባ!»

ፈትቼ ገባሁ። እማማ ጉንጬን እየደጋገሙ ሳሙኝ፤ አንለይ ስለ እኔ ስንት ጊዜ እንደተነገረው እየነገረኝ ሳቀ። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ስወጣ ብስክሌቴ ላይ ሆኜ፣ እንደ ልማዴ ቦርሳዬን ወደ ሰማይ አነሣሁና «ባዶ ነው እ…» ስል እማማ ሮጠው ክንዴን ወደ ታች ጎተቱት።

«ተው ልጄ» አሉ በሹክሹክታ። «ተው፣ አያ ይስማው ያዩሃል።»

ወዲያ ዞር ስል አያ ይስማው በአጥራቸው ሥር ተቀምጠዋል። ራሳቸውን ተላጭተዋል። እሳቸውም ልጅ ዘምቶባቸው እንደነበር፣ መርዶውም እንደደረሳቸው ያን ጊዜ ነው ከእማማ የሰማሁት። ያን ጧት እኛ በገበቴው ዙሪያ እልል ስንል፣ እሳቸው ውኃው ውስጥ እጃቸውን ከትተው ምን እያሰቡ እንደነበር አላውቅም። አያ ይስማውም አዩኝ፤ እጃቸውን ከፍ አድርገው ሰላም አሉኝ። ቦርሳውን ይዤ ምን ላድርገው? ልታጠቀው አፈርኩ፣ እንደያዝኩት ለመንዳትም አልቻልኩም። ብስክሌቴን እየገፋሁ በእግሬ ሄድኩ።

ቤዛ ግን የጥያቄዋን መልስ ትጠብቃለች። መንፊያና መለጠፊያ ያዢ፣ ብርጭቆ ወረቀቷን ከውስጠኛዋ ኪስ አድርጊ አልኳት። ማንኪያውን ስነግራት ሳቀች። ከዚያ ቦርሳዋን ወገቧ ላይ ቀጭ አድርጋ በመስታወት ስታይ፣ «ሰው ቤት ስትገቢ ግን ከበሩ ላይ ፍቺው» አልኳት።

«ለምን?»

ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። ከማን ልጀምርላት? ከእማማ ጥሩዓለም ከጀመርኩ ተረቱ ያስቃል። ከአያ ይስማው ከጀመርኩ ደግሞ የማወጋት ሌላ ነገር ነው።

«ዝም ብለሽ ፍቺው» አልኳት። «ፈትተሽም ዝቅ አድርገሽ ያዢው።»